በአሜሪካ ቤት ለሚያከራዩ፦ ከአድልዎ የጸዳ የኪራይ ማስታወቂያ እንዴት ይጻፋል?

“ለሐበሻ ብቻ”፣ “ልጅ የሌላት እህት ብትሆን ይመረጣል”፣ “ለኦርቶዶክስ ክርስቲያን”። በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በምንገናኝባቸው የቴሌግራምና የፌስቡክ ቡድኖች የሚወጡ የቤት ኪራይ ማስታወቂያዎችን የሚከታተል ሰው ለእነዚህ ሐረጎች እንግዳ አይደለም። ጸሐፊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ክፋት አስበው አይደለም፤ ቋንቋውን ከሚያውቁት፣ ጠባዩን ከሚገምቱት ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መኖር ይቀለናል ብለው ነው። ነገር ግን ሦስቱም ሐረጎች የፌዴራሉን የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ሊያስጥሱ፣ አከራዩንም ሊያስከስሱ ይችላሉ። ሕጉ የሚመለከተው ማስታወቂያው ምን እንደሚል ነው፤ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ አይጠይቅም።

ከቅጣቱ በፊት ግን መታሰብ ያለበት ሰው አለ። “ለኦርቶዶክስ ብቻ” የሚለውን አንብባ ስልኳን ዘግታ የምትሄደው ሙስሊም እናት ብዙ ጊዜ የራሳችን አገር ልጅ ናት። ሕጉ ሲወጣ የታገለው ጥቁሮችንና ስደተኞችን በር ላይ ከሚመልስ አሠራር ጋር ነበር። እኛም ዛሬ በመረጥነው ሰፈር ቤት መከራየትና መግዛት የቻልነው በዚያ ትግል ነው። ስለዚህ ይህን መመሪያ የምጽፈው አከራይን ለማስፈራራት ሳይሆን፣ ቤቱን በሚገባ አስተዋውቆ፣ ጥሩ ተከራይ አግኝቶ፣ ማንንም ሳያገል እንዲያከራይ ነው። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ሕጉ የሚጠብቃቸውን ይወቁ

የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ የተፈረመው ሚያዝያ 11 ቀን 1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ ነው። በዚያን ጊዜ የከለከለው በዘር፣ በቆዳ ቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር የሚደረግ አድልዎን ነበር። በ1974 ጾታ ተጨመረ፤ በ1988 ደግሞ የአካል ጉዳትና የቤተሰብ ሁኔታ ታከሉበት። ዛሬ በፌዴራል ደረጃ ሰባት ናቸው።

ከሰባቱ ወገኖቻችን በብዛት የሚሳሳቱት በመጨረሻው ነው። “የቤተሰብ ሁኔታ” ሲባል ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ይዞ የሚኖርን ሰው፣ ነፍሰ ጡር ሴትን፣ እንዲሁም የልጅ አሳዳጊነትን በሕግ ለማግኘት በሂደት ላይ ያለን ሰው ይመለከታል። “ልጅ የሌለው” ብሎ መጻፍ ብዙዎች እንደሚያስቡት የምርጫ ጉዳይ ሳይሆን፣ “ለእንዲህ ዓይነት ዘር አላከራይም” ከማለት ጋር በአንድ አንቀጽ የተከለከለ ነው። ሕጉ የሚፈቅደው ልዩ ሁኔታ ለአረጋውያን የተዘጋጁ መኖሪያዎች ናቸው፤ ለምሳሌ ከቤቶቹ ቢያንስ 80 በመቶው ዕድሜው 55 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው የሚኖርበትና ሌሎቹን የሕጉን መስፈርቶችም የሚያሟላ ግቢ። የግል ቤትዎ ቤዝመንት እዚያ ውስጥ አይገባም።

“የትውልድ አገር” የሚለውም ከፓስፖርት የሰፋ ነው፤ የዘር ሐረግንና የመጡበትን ማኅበረሰብ ይጨምራል። “ለሐበሻ ብቻ” እዚህ ላይ ይወድቃል። ከአንድ ብሔር ለመጡ ብቻ ማለትም፣ “አማርኛ ተናጋሪ ብቻ” ማለትም እንዲሁ።

ሁለተኛ፦ “የራሴ ቤት ነው” በሚለው አይታለሉ

ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነጥብ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሕጉ ለትናንሽ አከራዮች ሁለት ልዩ ሁኔታዎች አሉት። አንደኛው ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት፣ ከአራት የማይበልጡ ቤተሰቦች ለየብቻ የሚኖሩበት ቤት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከሦስት የማይበልጡ የቤተሰብ ቤቶች ያለው ሰው ያለ ደላላ ራሱ ሲያከራይ ነው። ከላይ ራሱ እየኖረ ቤዝመንቱን የሚያከራይ ሰው ይህን ሰምቶ “እኔን ሕጉ አይመለከተኝም” ይላል።

ማስታወቂያውን ግን ይመለከታል። ልዩ ሁኔታዎቹ የሚሠሩት ተከራይን በመምረጥ ላይ እንጂ በሚጻፈውና በሚነገረው ላይ አይደለም። ሕጉ ምርጫን፣ ገደብን ወይም አድልዎን የሚያመለክት ማስታወቂያ መጻፍ፣ ማተም ወይም ማሳተምን ለሁሉም ይከለክላል። በዘር ጉዳይ ደግሞ መምረጡ ራሱም ከለላ የለውም፤ የ1866ቱ የዜጎች መብት ሕግ ለትንሽ አከራይ የተለየ በር አላበጀም፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1968 ያ ሕግ የግለሰብን ሽያጭና ኪራይ ጭምር እንደሚመለከት ወስኗል።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሜሪላንድ፣ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ አንድ አፓርትመንት የሚከራየው “በነጭ ቤት” (ነጮች በሚኖሩበት ቤት ማለት ነው) ውስጥ እንደሆነ የሚገልጽ ማስታወቂያ አትሞ ነበር። አከራዩ ባለቤት ራሱ የሚኖርበት አነስተኛ ቤት ስለነበረው ተከራይ ሲመርጥ በልዩ ሁኔታው ይሸፈን ነበር። መንግሥት ጋዜጣውን ከሰሰ። ጋዜጣው ስለ ፕሬስ ነጻነት ተከራከረ፤ ሐረጉ የዘር ምርጫ ስለመሆኑም ክርክር ተነሣ። የአራተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1972 በሰጠው ውሳኔ ክርክሩን አልተቀበለም፤ ተራ አንባቢ ሐረጉን ሲያነብ የሚረዳው የዘር ምርጫን ነው አለ። አከራዩ በሕግ የተሸፈነ መሆኑም ማስታወቂያውን አላዳነውም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይያዙ። ዳኛ የሚጠይቀው እርስዎ በልብዎ ምን እንዳሰቡ ሳይሆን አንድ ተራ አንባቢ ምን እንደሚረዳ ነው። ሁለተኛ፣ ተጠያቂው የቤቱ ባለቤት ብቻ አይደለም። ማስታወቂያውን ለወዳጁ ብሎ የሚለጥፍ ሰው፣ ክፍሉን ለሌላ የሚያከራይ ተከራይ፣ ደላላም ጭምር ሊጠየቁ ይችላሉ።

ሦስተኛ፦ የሚፈልጉትን ሰው ሳይሆን ያለዎትን ቤት ይጻፉ

ማስታወቂያ ለመጻፍ ሲቀመጡ በመጀመሪያ ቤቱን እየዞሩ ያለውን ይመዝግቡ፦ መግቢያው የት ነው፣ መስኮቱ ወደ የት ይከፈታል፣ ማዕድ ቤቱ የግል ነው ወይስ የጋራ፣ መብራት፣ ውኃና ኢንተርኔት በኪራዩ ውስጥ ተካተዋል ወይ፣ መኪና የት ይቆማል፣ ስንት ደረጃ ይወጣል ወይም ይወረዳል። ይህን ዝርዝር የያዘ ሰው ስለ ተከራዩ ማንነት የሚጽፍበት ቦታም ምክንያትም አይተርፈውም።

እስቲ የተለመደውን ዓይነት አንድ ማስታወቂያ እንመልከት፦

“ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ራሱን የቻለ ቤዝመንት። ለሐበሻ ብቻ። ጸጥተኛ፣ ሠራተኛ፣ ልጅ የሌላት እህት ብትሆን ደስ ይለናል። ለቤተ ክርስቲያናችን ቅርብ ነው።”

“ለሐበሻ ብቻ” የትውልድ አገር ገደብ ነው። “ልጅ የሌላት” የቤተሰብ ሁኔታ ነው። “እህት” ጾታ ነው፤ ቤዝመንቱ ራሱን የቻለ ስለሆነ በኋላ የማነሣው የጋራ መኖሪያ ልዩነትም አይረዳውም። “ሠራተኛ” የሚለው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በጡረታ፣ በአካል ጉዳት ድጋፍ ወይም በመንግሥት የኪራይ ቫውቸር የሚኖረውን ሰው ያስወጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሜሪላንድ ደግሞ የገቢ ምንጭ በሕግ የተጠበቀ ነው። “ጸጥተኛ” ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ሆኖም የሰው ጠባይ ከመግለጽ የቤቱን ደንብ መጻፍ ይሻላል። ቤተ ክርስቲያን ቅርብ መሆኑን መናገር በራሱ ክልክል ባይሆንም፣ “ቤተ ክርስቲያናችን” የሚለው ቃል ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ እንግዳውን “አንተን አይደለም” ይለዋል። ቦታን በአውቶቡስ መስመር፣ በባቡር ጣቢያ ወይም በመንገድ ስም መጠቆም ይበቃል።

ያው ቤት እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

“ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤዝመንት። የራሱ መግቢያ፣ ማዕድ ቤትና መታጠቢያ ቤት አለው። መኝታ ክፍሉ ወደ ጓሮ የሚከፈት ሰፊ መስኮት አለው። ከውጭ ሰባት ደረጃ ይወረዳል። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ላይ ካለው ቤት ጋር የጋራ ነው። መብራትና ውኃ ተካተዋል፤ አንድ መኪና ግቢ ውስጥ ይቆማል። አውቶቡስ ማቆሚያው በእግር ያስኬዳል። ቤት ውስጥ ማጨስ አይፈቀድም። ማመልከቻና የክሬዲት ሪፖርት ከሁሉም አመልካች ይጠየቃል። በእኩል የመኖሪያ ቤት ዕድል እናምናለን።”

ሁለተኛው ለተከራይም የሚጠቅመው የበለጠ ነው። ደረጃው ሰባት መሆኑን ያነበበ፣ መውረድ የሚያስቸግረው ሰው ራሱ ይወስናል። “ለአካል ጉዳተኛ አይሆንም” ብለው እርስዎ ከወሰኑለት ግን ሕግ ጥሰዋል። ተዳፋት መግቢያ ወይም ሰፊ በር ካለ ደግሞ ይጻፉት፤ የሚፈልገው ሰው ያገኘዋል።

አንዳንዶች ሕጉን ሲሰሙ ይደነግጡና እያንዳንዱን ቃል መፍራት ይጀምራሉ። የፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት በጥር 1995 ባወጣው ማብራሪያ ይህን ፍርሃት ለማርገብ ሞክሯል። “የቤተሰብ ሳሎን”፣ “ግሩም እይታ ያለው”፣ “ወደ አውቶቡስ በእግር የሚያስኬድ”፣ “ጸጥ ያለ ጎዳና” የመሳሰሉት ቤቱን ወይም አካባቢውን የሚገልጹ ስለሆኑ ጥሰት አይደሉም ብሏል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ሐረጉ የሚናገረው ስለ ግድግዳውና ስለ ጎዳናው ከሆነ ይለፍ፣ ስለሚገባው ሰው ማንነት ከሆነ ይሰረዝ።

“ለወጣት ባለሙያ ተስማሚ” የሚለውን ግን ይተዉት። በወዳጅነት የተጻፈ ቢመስልም ልጅ ያላቸውንና አዛውንቶችን ያርቃል፤ ዕድሜን በሕግ በሚጠብቁ አካባቢዎች ደግሞ ብቻውን ያስጠይቃል።

አራተኛ፦ መስፈርትዎን ለሁሉም እኩል ያድርጉ

ማንንም ሳያገሉ ጠንካራ መስፈርት ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ብዙ አከራይ ይህን አያውቅም። የገቢ ልክ፣ የክሬዲት ታሪክ፣ የቀድሞ አከራይ ምስክርነት፣ የማስያዣ ገንዘብ፣ ማጨስ መከልከል፣ የውል ዘመን ሁሉ ይፈቀዳሉ። የሚጠየቀው ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት በወረቀት መስፈራቸውና ለአገር ልጅም ለማያውቁት ሰውም ሳይዛነፉ መሥራታቸው ነው። ለአንዱ የክሬዲት ሪፖርት ጠይቆ ለሌላው “አንተን አውቅሃለሁ” ብሎ መተው፣ ማስታወቂያው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን አድልዎ ይሆናል።

ሁለት መስፈርቶች ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አንዱ የሰው ብዛት ነው። ባለ አንድ መኝታ ቤትን “ለአንድ ሰው ብቻ” ማለት ልጅ ያላትን እናት የማስወጫ መንገድ ሆኖ ሊታይ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ1998 በተቀበለው መመሪያ መሠረት ለአንድ መኝታ ክፍል ሁለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተገቢ ልክ ነው፤ የክፍሉ ስፋት፣ የልጆቹ ዕድሜና የቤቱ አሠራርም ይታያል። ስለ ልጆች ሳይሆን ስለ ሰው ብዛት ይጻፉ፤ የአካባቢዎ የቤት ደንብ የሚያዘውንም ያጣሩ።

ሌላው የቤት እንስሳ ነው። “የቤት እንስሳ አይፈቀድም” ማለት ይቻላል። ነገር ግን ዓይነ ስውርን የሚመራ ወይም አካል ጉዳተኛን የሚረዳ እንስሳ በሕጉ ዓይን እንደ ቤት እንስሳ አይቆጠርም። “ምንም ዓይነት ረዳት እንስሳ አንቀበልም” የሚል ማስታወቂያ ራሱ ጥሰት ነው።

አምስተኛ፦ ክፍል የሚጋሩ ከሆነ

ማዕድ ቤትና መታጠቢያ ቤት ከእርስዎ ጋር የምትጋራ ሴት መፈለግ መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ ሕጉም ይረዳዋል። ከላይ የጠቀስኩት የ1995 ማብራሪያ የመኖሪያ ቦታ በሚጋሩበት ሁኔታ ማስታወቂያ ላይ ጾታ መጥቀስ እንደሚቻል ገልጿል። ስለዚህ “በጋራ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል፤ ማዕድ ቤትና መታጠቢያ የጋራ፤ ለሴት” ማለት በፌዴራል ሕግ ያስኬዳል። በዘር፣ በትውልድ አገር ወይም በሃይማኖት ለመምረጥ ግን ይህ ማብራሪያ ፈቃድ አይሰጥም።

በካሊፎርኒያና በአካባቢዋ ያሉ ግዛቶችን የሚዳኘው የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2012 የፌዴራሉ ሕግ አንድ ቤት ውስጥ አብሮ ነዋሪ መምረጥን እንደማይመለከት ወስኗል። ይህ በዚያ ወረዳ ብቻ የሚሠራ ነው፤ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በቴክሳስ የሚኖር ሰው ሊደገፍበት አይገባም። እኔ የምመክረው ጾታን፣ ያውም በእርግጥ የጋራ ቦታ ሲኖር ብቻ፣ መጥቀስና የቀረውን መተው ነው። አብሮ ለመኖር የሚያስፈልገው ጉዳይ ሁሉ በደንብ መልክ ሊጻፍ ይችላል፦ እንግዳ ስንት ቀን ማደር እንደሚችል፣ ማዕድ ቤት በየተራ እንደሚጸዳ፣ ማጨስ እንደማይፈቀድ።

ስድስተኛ፦ የት እንደሚለጥፉ ያስቡ

ማስታወቂያው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ችግሩ ከቦታው ሊመጣ ይችላል። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ማስታወቂያ የሚወጣበትን መንገድ በመምረጥ የተወሰኑ ሰዎች ስለ ቤቱ እንዳይሰሙ ማድረግንም ይከለክላል፤ ምክንያቱ ዘር፣ ትውልድ አገር፣ ሃይማኖት ወይም ከቀሩት አንዱ ከሆነ። በአማርኛ መለጠፍ መብትዎ ነው። ነገር ግን በአማርኛ፣ ያውም በተዘጋ የቴሌግራም ቡድን ብቻ ከለጠፉ፣ ከዚያ ውጭ ያለው ሰው ስለ ቤቱ የሚያውቅበት መንገድ የለም። መፍትሔው አያስቸግርም፤ ያንኑ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አድርገው ለሁሉም ክፍት በሆነ ድረ ገጽ በተመሳሳይ ቀን ያውጡት። ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ዓይነት ይሁኑ። በእንግሊዝኛው ለሁሉም ክፍት፣ በአማርኛው “ለሐበሻ” የሚል ማስታወቂያ ከማንኛውም በላይ ያጋልጣል።

በፌስቡክ ገንዘብ ከፍለው የሚያስተዋውቁ ከሆነ “መኖሪያ ቤት” የሚለውን ልዩ ምድብ ይምረጡ። ኩባንያው በ2019 ከመብት ተሟጋቾች ጋር ባደረገው ስምምነት መሠረት የቤት ማስታወቂያ በዕድሜ፣ በጾታና በፖስታ ቁጥር ተለይቶ እንዳይሠራጭ ተደርጓል። በ2022 ደግሞ ከፍትሕ ሚኒስቴር ጋር በተደረገ ስምምነት ማስታወቂያውን ለማን እንደሚያሳይ የሚወስንበትን አሠራር ለመለወጥ ተስማምቷል። ገደቡን ለማለፍ ሌላ ምድብ መርጦ ማስታወቅ ብልጠት ሊመስል ይችላል፤ በኋላ ግን ሆን ብለው እንዳደረጉት ማስረጃ ይሆናል።

ፎቶግራፍን በተመለከተ የቤቱ ምስል ይበቃል። ሰዎችን ማሳየት ከፈለጉ አንድ ዓይነት ሰዎችን ብቻ አያሳዩ፤ በኒው ዮርክ የሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1991 የማስታወቂያ ሞዴሎች የዘር መልእክት ሊያስተላልፉ እንደሚችሉ ወስኗል።

ሰባተኛ፦ ስልክ ሲደወል

ሕጉ “መግለጫ” የሚለው በቃል የተነገረውንም ይጨምራል። “ከየት ነህ?”፣ “ባለትዳር ነሽ?”፣ “ልጅ አለሽ?”፣ “የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ሰው ነህ?” በእኛ ባህል የመግባቢያ ጥያቄዎች ናቸው፤ በመልካም ልብም ይጠየቃሉ። ከቤት ፈላጊ ጋር ሲሆን ግን ቤቱ ከተከለከለ በኋላ ሁሉም ማስረጃ ይሆናሉ። ከስልኩ አጠገብ አጭር ዝርዝር ይኑርዎት፦ መቼ መግባት ይፈልጋሉ፣ ስንት ሰው ይኖራል፣ ማመልከቻ ለመሙላት ፈቃደኛ ነዎት፣ ቤቱን ለማየት የትኛው ቀን ይመችዎታል። ለደወለ ሁሉ ይህንኑ ይጠይቁ።

የደዋዩን አነጋገር ሰምተው “ተከራይቷል” ማለት ደግሞ ሌላ ጥሰት ነው። የመብት ድርጅቶች ፈታሽ ሰዎችን ያስደውላሉ፤ አንዱ በአንድ ዓይነት አነጋገር፣ ሌላው በሌላ፣ ስለዚያው ቤት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 እንዲህ ያለው ፈታሽ ስለ ቤቱ ሐሰት ከተነገረው ራሱ መክሰስ እንደሚችል ወስኗል፤ ቤቱን በእርግጥ ባይፈልገውም እንኳ።

ስምንተኛ፦ የግዛትዎንና የከተማዎን ሕግ ይጨምሩ

የፌዴራሉ ሰባት ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ የጋብቻ ሁኔታን፣ ዕድሜን፣ የገቢ ምንጭን፣ ተማሪ መሆንን ሳይቀር ይጠብቃል፤ እዚያ “ተማሪ አንቀበልም” ማለት አይቻልም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከ2020 ጀምሮ የገቢ ምንጭን ጨምረዋል፤ ስለዚህ “ቫውቸር አንቀበልም” የሚለው ሐረግ ያስከስሳል። ቨርጂኒያ ለትናንሽ አከራዮች የተወሰነ ልዩነት ስላላት ዝርዝሩን ማየት ያስፈልጋል። በካሊፎርኒያ አከራይ የተከራይን የኢሚግሬሽን ሁኔታ መጠየቅ አይፈቀድለትም። በሌላ ግዛት የሚኖሩ ከሆነ የግዛትዎ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ወይም ተመሳሳይ ቢሮ ዝርዝሩን በነጻ ይሰጣል።

ዘጠነኛ፦ መዝገብ ይያዙ፣ ስሕተትን ቶሎ ያርሙ

አንድ ሰው ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ለማቅረብ አንድ ዓመት፣ በፍርድ ቤት ለመክሰስ ሁለት ዓመት አለው። ስለዚህ የማስታወቂያውን ቅጂ፣ የወጣበትን ቀንና ቦታ፣ የደወሉትን ዝርዝር፣ የተጠቀሙበትን መስፈርትና አንዱን ተቀብለው ሌላውን ያልተቀበሉበትን ምክንያት ቢያንስ ለሁለት ዓመት ያስቀምጡ። በአስተዳደር ዳኛ ፊት ለመጀመሪያ ጥፋት የሚጣለው መቀጮ ከ20,000 ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ካሳና የጠበቃ ወጪ ከዚያ ሌላ ነው።

ዛሬ የተለጠፈ ችግር ያለበት ማስታወቂያ ካለዎት ቅጂውን ያስቀምጡና ከገጹ ያውርዱት፤ ከዚያም አርመው እንደገና ያውጡት። በመጀመሪያው ማስታወቂያ ምክንያት መልሰው የላኩት ሰው ካለ ይደውሉለትና ቤቱ ክፍት መሆኑን ይንገሩት፤ ከፈለገ ከሌሎቹ እኩል ያመልክት። የአቤቱታ ደብዳቤ ከደረሰዎት አቤቱታውን ላቀረበው ሰው አይደውሉ፣ አያስፈራሩትም፤ ማስፈራራት ራሱን የቻለ ጥሰት ነው። በደብዳቤው የተጻፈውን የመልስ ቀን አይተው በመኖሪያ ቤት ሕግ ወደሚሠራ ጠበቃ ይሂዱ፤ መዝገብዎንም ይዘው ይሂዱ።